የቤት ብድርና የቤተሰብ ጤና፦ ከመፈረማችን በፊት



በዚህ ዓምድ ስለ አመጋገብ ስንጽፍ ወጥ ቤትን፣ ስለ በሽታ ስንጽፍ ሐኪም ቤትን ማንሳት የተለመደ ነው። በዚህ ወር ግን ሁለቱንም የሚነካ ሌላ ቤት እናነሳለን፤ እርሱም የምንኖርበት ቤት ነው። ከጁምዓ ሶላት በኋላ በመስጂድ ደጃፍ ቆም ብሎ ለሚያዳምጥ ሰው ከሚነሱት ጨዋታዎች ብዙዎቹ የቤት ጨዋታዎች ናቸው። ኪራይ ጨመረ፤ ማኅበር ልንገባ ነው፤ ባንክ ያበድራል ይባላል፤ ለመሆኑ ወለድ አለው ወይስ የለውም? ይህ ጥያቄ አባወራውንም እማወራዋንም እንቅልፍ ይነሳል።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ሌሎች ሁለት ጥያቄዎች አብረውት ካልተጠየቁ ጎዶሎ ይሆናል። አንደኛው፣ የምንሠራው ወይም የምናድሰው ቤት ለቤተሰቡ ጤና ይሰጣል ወይ? ሁለተኛው፣ ዕዳውን የምንከፍለው ከየትኛው ገንዘብ፣ በግልጽ ለመናገር ከማን ሳህን ቀንሰን ነው? በዚህ ጽሑፍ ሦስቱንም አንድ ላይ እናያቸዋለን፤ ኢንሻአላህ።

ቤቱ የሚያመጣው በሽታ

ፋሲሎ ከባሕር ዳር ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው። በዚያም ሆነ በሌሎቹ የከተማዋ ነባር መንደሮች፣ እንዲሁም ከከተማው ወጣ ብለው በጣና ዙሪያ ባሉት የገጠር ቀበሌዎች፣ ብዙ ቤተሰብ የሚኖረው ግድግዳው ከባሕር ዛፍ እንጨትና ከጭቃ፣ ጣሪያው ከቆርቆሮ፣ ወለሉም ከአፈር በተሠራ ቤት ውስጥ ነው። እንዲህ ባለ ቤት መኖር ነውር አይደለም፤ አያቶቻችንም ወላጆቻችንም ያደጉበት ነው። ነገር ግን የትኛው የቤቱ ክፍል ምን በሽታ እንደሚያመጣ ማወቅ ይጠቅማል።

ከወለሉ እንጀምር። የአፈር ወለል በክረምት እርጥበት ይይዛል፤ በበጋ አቧራ ይሆናል። የሚድኽ ሕፃን እጁን ከወለሉ ወደ አፉ ይወስዳል፤ የወስፋት እንቁላልና የተቅማጥ ተሕዋስያንም አብረው ይገባሉ። የመንጠቆ ትል ደግሞ እርጥብ አፈር ላይ ባዶ እግሩን የሚረግጠውን ሰው በቆዳው በኩል ይገባል፤ ከአንጀት ሆኖም ደም ይመጥጣል። እንዲህ ሲሆን እናት ገንፎውንና ወተቱን ብታበላም ምግቡን የሚካፈል ሌላ አለ። ልጁ ይበላል፤ ግን አያድግም። በ2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው የሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት 41 በመቶ ያህሉ ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ፣ ማለትም የቀነጨሩ ነበሩ። ለዚህ ተጠያቂው የምግብ እጥረት ብቻ አይደለም፤ ተደጋጋሚ ተቅማጥና የሆድ ትልም ድርሻቸው ትልቅ ነው።

ወለልን መለወጥ ምን ያህል እንደሚጠቅም የሜክሲኮ ልምድ ያሳየናል። ኮዋዊላ በምትባለው ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2000 መንግሥት የድሆችን የአፈር ወለል በሲሚንቶ የሚለውጥ ፕሮግራም ጀመረ። ተመራማሪዎች ከዓመታት በኋላ ቤተሰቦቹን ፕሮግራሙ ካልደረሳቸው ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ወለሉ ሙሉ በሙሉ በሲሚንቶ ሲተካ በሕፃናቱ ላይ የሆድ ትል በ78 በመቶ፣ ተቅማጥ በ49 በመቶ፣ ደም ማነስ በ81 በመቶ እንደሚቀንስ አገኙ። ለእነዚያ ቤተሰቦች አዲስ ቤት የሠራላቸው የለም፤ የተለወጠው ወለሉ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ጭስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ በሚፈጠር የምግብ ማብሰያ ጭስ ሳቢያ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። እንጀራ የምትጋግር እናትና በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን አንድ አየር ይተነፍሳሉ። በረመዷን ለሱሑርም ለኢፍጣርም እሳት ስለሚነድ የጭሱ ሰዓት ይረዝማል። በተለይ ለቡና ወይም ለሙቀት የተቀጣጠለ ከሰል በተዘጋ መኝታ ቤት ውስጥ ማሳደር ነፍስ ያጠፋል። ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታም መልክም ስለሌለው የተኛው ሰው ሳይነቃ ይቀራል። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመኝታ በፊት እሳትን እንድናጠፋና ዕቃን እንድንከድን ማዘዛቸውን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

ሦስተኛው ወባ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ብትገኝም ወባ ያለባት ከተማ ናት፤ በተለይ ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ኅዳር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት 2024 ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። የተሰነጠቀ ግድግዳ፣ ወንፊት የሌለው መስኮት፣ በጣሪያውና በግድግዳው መካከል ያለ ክፍተት ለወባ ትንኝ በር ናቸው። የዉዱእ ውኃ በግቢው ተጠራቅሞ ኩሬ እንዳይሠራም ልብ ይበሉ፤ መውረጃ ቦይ ያብጁለት።

ከዚህ ሌላ ብዙ ሰው በአንዲት መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ ሲያድር የሳንባ ነቀርሳና ጉንፋን በቀላሉ ይዛመታሉ። ሽንት ቤቱ ለጉድጓድ ውኃ ከቀረበ ደግሞ ተቅማጥ ከቤቱ አይጠፋም። በሐይቁ ዳርቻ የከርሰ ምድር ውኃ ለመሬቱ ገጽ ቅርብ በሚሆንበት ቦታ ይህ ይበልጥ ያሰጋል።

በጥቂት ገንዘብ የትኛው ይቅደም?

ብዙዎቻችን ገንዘብ ስናገኝ የምናስቀድመው ከውጭ የሚታየውን ነው፤ የብረት በር፣ የግድግዳ ቀለም፣ የሳሎን ሶፋ። ጤናን ብናስቀድም ግን ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ይሆናል።

1ኛ/ ልጆች የሚተኙበትና የሚድኹበት ክፍል ወለል። 3 ሜትር በ4 ሜትር ለሆነ ክፍል ከሥሩ የድንጋይ ንጣፍ ተደርጎ በስስ ኮንክሪትና በልስን ለመሸፈን ወደ 4 ኩንታል ሲሚንቶ ይበቃል። ከተሠራ በኋላ ለ7 ቀን ያህል ውኃ ማጠጣት አይዘንጉ፤ አለበለዚያ ይሰነጣጠቃል።

2ኛ/ ማድ ቤቱን ከመኝታ ክፍል መለየትና ጭስ መውጫ ማበጀት። ምርጥ ምድጃ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ያህል ይቆጥባል፤ ለከሰል ደግሞ ላቀች ምድጃ አለ። የሚተርፈው የማገዶ ዋጋ በየወሩ ወደ ምግብ ሊዞር ይችላል።

3ኛ/ ሽንት ቤት። ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር የራቀና በቁልቁለቱ በኩል የሆነ፣ ክዳንና እጅ መታጠቢያ ያለው ይሁን።

4ኛ/ መስኮት። የመስኮቱ ስፋት ከወለሉ ስፋት አንድ አሥረኛ ባያንስ መልካም ነው። ለ12 ካሬ ሜትር ክፍል 1.2 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ወንፊት ይልበስ። አጎበርም አይቅር።

5ኛ/ የግድግዳ ስንጥቅ መምረግና ኮርኒስ።

ከእነዚህ አብዛኞቹን ለመሥራት ሙሉ የቤት ብድር አያስፈልግም። የሚኖሩት በቀበሌ ወይም በኪራይ ቤት ከሆነ ግን ከማደስዎ በፊት ከአከራዩ ወይም ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ፈቃድ በጽሑፍ ይቀበሉ። ያለ ፈቃድ ያፈሰሱት ሲሚንቶ ለሰው ቤት ይቀራል፤ ክርክርም ያመጣል።

ወለድ የሌለበት በር

የወለድ ነገር ለሙስሊም ቀላል አይደለም። በሱረቱል በቀራህ ከአንቀጽ 275 ጀምሮ ያለውን ያነበበ ሰው ነገሩ ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ ያውቃል። በዚህ ምክንያት ለረጅም ዘመን ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች ከባንክ ብድር ርቀው ኖረዋል። በ2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የ20/80 እና የ40/60 የጋራ መኖሪያ ቤት ምዝገባ ሲካሄድ ተመዝጋቢው 20 ወይም 40 በመቶውን ቆጥቦ ቀሪውን በወለድ ከሚገኝ የባንክ ብድር እንዲሸፍን የታሰበ ስለነበር፣ ብዙ ወንድሞችና እኅቶች ቤት ማግኘትንና ሃይማኖታቸውን መጠበቅን ማስታረቅ ቸግሯቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተለውጧል፤ አልሐምዱሊላህ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2004 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ መደበኛ ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት በተለየ መስኮት እንዲሰጡ ፈቀደ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች እንዲቋቋሙ ተፈቀደ። በዚህም መሠረት ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ሒጅራ ባንክና ሌሎችም ተከተሉ።

እነዚህ ባንኮች ለቤት ከሚጠቀሙባቸው ውሎች አንዱ ሙራበሓ ነው። ሙራበሓ ባንኩ ገንዘብ በእጅዎ የሚሰጥበት ብድር ሳይሆን ሽያጭ ነው። እርስዎ የሚፈልጉትን ሲሚንቶ፣ ብረት ወይም ቆርቆሮ ባንኩ ከነጋዴ ገዝቶ የራሱ ካደረገ በኋላ፣ የገዛበትን ዋጋና ትርፉን ነግሮዎት በየወሩ በሚከፈል ዋጋ ይሸጥልዎታል። ሌላው ቀናሽ ሙሻረካ የሚባለው ነው። ባንኩና እርስዎ ቤቱን በጋራ ትይዛላችሁ፤ እርስዎ የባንኩን ድርሻ ቀስ በቀስ እየገዙ፣ ላልገዙት ድርሻ ኪራይ እየከፈሉ በመጨረሻ ቤቱ የእርስዎ ብቻ ይሆናል።

ስሙ ዐረብኛ ስለሆነ ብቻ ግን አይፈርሙ። እነዚህን ይጠይቁ፦ ዕቃውን ባንኩ አስቀድሞ ገዝቶ የራሱ ያደርጋል ወይ? የመጨረሻው ዋጋ በውሉ ላይ ተቆርጦ ተጽፏል ወይ? ክፍያ ብዘገይ የሚጣለው ቅጣት ወዴት ይሄዳል፣ ለባንኩ ትርፍ ወይስ ለበጎ አድራጎት? ውሉን የመረመረው የሸሪዓ አማካሪ ማን ነው? የዕዳ ውል በጽሑፍ እንዲሆን የሚያዘው አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው፣ ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ መሆኑ ለጉዳዩ የተሰጠውን ክብደት ያሳያል። የማያውቁትን ቋንቋ ወይም ያልገባዎትን ቃል ሳያስነብቡና ሳያስተረጉሙ አይለፉ።

ባንኩ ከእርስዎ ምን ይጠይቃል?

የባንኮቹ ዝርዝር መስፈርት ይለያያል። ነገር ግን ሁሉም ከሦስት ነገር አይወጡም፦ ማንነት፣ ገቢና ዋስትና። በቅድሚያ ሊያዘጋጁ የሚገባዎት የሚከተሉትን ነው።

የታደሰ መታወቂያና የፋይዳ ቁጥር፤ የጋብቻ ወይም ያለማግባት ማስረጃ፤ የደመወዝ ደብዳቤ ወይም የንግድ ፈቃድና የግብር ክሊራንስ፤ የባንክ ሂሳብ እንቅስቃሴ፤ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ፤ ለግንባታ ከሆነ ደግሞ የግንባታ ፈቃድና የሥራ ዝርዝር ከዋጋ ግምቱ ጋር።

ከእነዚህ ሁለቱ ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦችን ያሰናክላሉ። የመጀመሪያው የጋብቻ ማስረጃ ነው። ኒካሕ በዑለማእና በምስክሮች ፊት ታስሮ ወረቀቱ ግን በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ሳይመዘገብ ለዓመታት የቆየባቸው ጥንዶች ጥቂት አይደሉም። የሃይማኖት ጋብቻ በሕግ የሚመዘገብ በመሆኑ የኒካሑን ወረቀትና ምስክሮችን ይዘው ዛሬውኑ ያስመዝግቡ። ይህ ለብድር ብቻ ሳይሆን ለውርስም ለልጆችም ይጠቅማል። ሁለተኛው ገቢ ነው። በእጅ የሚሸጥ፣ በእጅ የሚያበላ ነጋዴ ገቢው ጥሩ ቢሆንም በወረቀት አይታይም። የዕለት ሽያጭዎን ከወለድ ነፃ በሆነ የወዲዓ ሂሳብ እያስገቡ ለጥቂት ወራት ቢያሳዩ ለባንኩ ምስክር ይሆንልዎታል።

በገጠር ቀበሌ ለምትኖሩ አንባቢዎቻችንም አንድ ነጥብ እንጨምር። በአማራ ክልል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252/2009፣ ባለ ይዞታ የሆነ ገበሬ በመሬቱ የመጠቀም መብቱን አስይዞ ከገንዘብ ተቋም እንዲበደር ተፈቅዷል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1324ም ለዚህ በር ከፍቷል። መብቱ መልካም ነው። ነገር ግን ዕዳው ካልተከፈለ የሚሄደው የመሬቱ ምርት፣ ማለትም የቤተሰቡ ጤፍ፣ በቆሎና ዳጉሳ መሆኑን አይርሱ። ለቤት ማሳመሪያ ማሳ ማስያዝ ብልህነት አይደለም።

የባልና ሚስት የጋራ የሆነ ቤት በዋስትና ሲያዝ የሁለቱም ስምምነት በሕግ ይጠየቃል። ስለዚህ ወንድሜ ሆይ! ባለቤትዎን ለፊርማ ብቻ አይጥሯት። የቤቱን ወጪ በየቀኑ የምታውቀው እርሷ ናትና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብራችሁ አስሉ።

ክፍያው ከየትኛው ሳህን ይነሳል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እንበልና ስድስት ነፍስ ያለበት አንድ ቤተሰብ በወር 15,000 ብር ገቢ አለው። ለኪራይ 4,000 ብር ይከፍላል። ለቤት መሥሪያ ዕቃ ከባንክ ጋር በሙራበሓ ተዋውሎ ትርፉን ጨምሮ 180,000 ብር በ36 ወር ሊከፍል ተስማማ። በወር 5,000 ብር ማለት ነው፤ ይህም ከገቢው ሲሶ በመሆኑ ለባንኩ የማይከብድ ይመስላል።

ግን ቤቱ ተሠርቶ እስኪገቡበት ድረስ ኪራዩ አይቋረጥም። 4,000 እና 5,000 ሲደመር 9,000 ነው። የሚተርፈው 6,000 ብር፣ በቀን 200 ብር፣ በነፍስ ወከፍ 33 ብር ገደማ ነው። ከዚህ ላይ የትምህርት ቤት፣ የታክሲ፣ የሕክምናና የሳሙና ወጪ ይወጣል። በዚህን ጊዜ ከሳህን በመጀመሪያ የሚጠፋው ምን እንደሆነ እማወራ ሁሉ ታውቀዋለች። ወተት ይጠፋል፤ እንቁላል ይጠፋል፤ ከጣና የሚወጣው ቀረሶና አምባዛ ይጠፋል፤ ምስር ወደ ሽሮ፣ ሽሮውም ወደ ቀጭን ሽሮ ይወርዳል። እርጉዝ እናትና ከ2 ዓመት በታች ያለ ሕፃን በዚህ 3 ዓመት ውስጥ ካለፉ፣ በልጁ ቁመትና አእምሮ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ቤቱ አምሮ ሲያልቅ አይመለስም። ጤና ይገኝበታል የተባለው ቤት ጤናን በልቶ ተሠራ ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ባንኩ "ይችላሉ" ስላለዎት ብቻ አይፈርሙ፤ የራስዎን ስሌት ይሥሩ። ሊዋዋሉ ያሰቡትን ወርሃዊ ክፍያ ለ3 ወር ለብቻው በወዲዓ ሂሳብ ያስቀምጡ። በእነዚያ 3 ወራት ለሕፃናት ወተትና እንቁላል፣ በቤቱም ጥራጥሬና አትክልት ሳይቋረጥ ከቻሉ፣ ክፍያውን ይችሉታል። ካልቻሉ የገንዘቡን መጠን ይቀንሱ ወይም ሥራውን በደረጃ ይከፋፍሉት። የ3 ወሩ ቁጠባ ደግሞ አይባክንም፤ ለመጀመሪያው ክፍል ወለል ይሆናል።

የዕቃ ዋጋም ሌላ ስሌት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በውጭ ምንዛሪ የሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ አሻቅቧል። በሙራበሓ የተዋዋሉት ዋጋ ቁርጥ ስለሆነ አይጨምርብዎትም፤ ያልተዋዋሉት የቀረው ዕቃ ግን ይጨምራል። በመሆኑም ግማሽ ላይ የሚቆም ቤት ከመጀመር አንዲት ሙሉ ክፍል ጨርሶ መግባትና ከኪራይ መገላገል ይሻላል።

ግቢ ካለዎት ከሕንፃው ጥቂት ካሬ ሜትር ለጎመን፣ ለካሮት፣ ለቃሪያና ለቲማቲም ያስቀሩ፤ ጥቂት ዶሮዎችም ከመኝታ ክፍል ተለይተው ይኑሩ። ግቢውን ሁሉ በሚከራዩ ክፍሎች የሞላ ሰው ኪራይ ያገኝ ይሆናል፤ ጎመኑን ግን ከገበያ ይገዛል።

ለብድር የማይበቁትስ?

ካርታም ደመወዝም የሌለው ቤተሰብ በዚህ ጽሑፍ ተስፋ እንዳይቆርጥ እንላለን። ዕቁብ ወለድ የሌለበት የራሳችን ቁጠባ ነው፤ ተመሳሳዩን አሠራር ብዙ ዑለማዎች ፈቅደውታል። በአንድ መንደር ያሉ አሥር እናቶች ዕጣ የወጣላት ሁሉ ወለሏን እንድታስነጥፍ ተስማምተው የሲሚንቶ ዕቁብ ቢጀምሩ፣ በአሥር ዙር አሥር ቤት ከአፈር ወለል ይወጣል። አሸዋውንና ድንጋዩን ጎረቤት ሲያግዝ ወጪው ይበልጥ ይቀንሳል።

የመስጂድ ጀመዓዎችም ድርሻ አላቸው። በሱረቱ ተውባህ 60ኛው አንቀጽ ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች መካከል ድሆችና በዕዳ የተያዙ ሰዎች ይገኛሉ። የአንዲት የቲም ልጆች ያሏት እናት ወለልና ሽንት ቤት በሰደቃ ቢሠራ ምንዳው እንደማይቋረጥ ተስፋ እናደርጋለን። ያበደረም ሰው ተበዳሪው ሲቸገር ጊዜ መስጠት እንዳለበት ዲናችን ያስተምራል፤ ወንድምዎ በቀርድ ሐሰን ከእርስዎ ወስዶ ከሆነ ልጆቹ የሚበሉት ሳያጡ ይመልስ ዘንድ ያግዙት።

ውድ አንባቢያችን! ዛሬ ማታ ከዒሻእ ሶላት በኋላ ወረቀትና እርሳስ ይዘው ከባለቤትዎ ጋር ይቀመጡ። በአንድ በኩል ቤቱ የጎደለውን፣ በሌላ በኩል ቤተሰቡ በወር የሚበላውን ይጻፉ። ከዚያም ሳህኑን ሳይነኩ ሊሠራ የሚችለውን የመጀመሪያውን ሥራ ይምረጡ። ምናልባት እርሱ አራት ኩንታል ሲሚንቶ ብቻ ይሆናል። ለሚድኸው ልጅዎ ግን ትልቅ ቤት ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ሪዝቃችንን ሐላል፣ ቤታችንን የጤናና የሰላም ያድርግልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።